ዘመኑን ለትውልድ ያቆየ ሙዚቃ ቤት

የአዲስ አበባ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን ሲወሳ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ድምፃውያኑና የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ናቸው። ይገባቸዋል። ያ ሙዚቃ እስከ ዛሬ የሚደመጥ ሆኖ የተረፈው ግን በአንድ ወጣት ነጋዴ ድፍረት ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ማኅበሩ ግን በመብቱ እምብዛም አልሠራበትም። ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ ይሸጥ የነበረው አምሃ እሸቴ ገበያው የአገሩን አዲስ ሙዚቃ እንደተራበ አየ። እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሸክላውም የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀረጸው ሙዚቃ በመጀመሪያ ወደ ህንድ፣ በኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ይታተም ነበር። አምሃ በዚህ መንገድ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ።

«ሙዚቀኞቹን ያፈራው መንግሥት እንጂ ነጋዴ አይደለም» የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ጥሩምባውንም ኖታውንም ያስተማሩት የመንግሥት ኦርኬስትራዎች ናቸው። ነገር ግን በመድረክ የተጫወቱት ካልተቀረጸ ከአድማጩ ጋር ይቀበራል። «የምዕራባውያን ቅጂ ነው» የሚለው ወቀሳም ሸክላዎቹን ጠጋ ብሎ ላደመጠ አይጸናም። የዓለማየሁ አዘፋፈን ከአሜሪካ ሶል፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቅንብር ደግሞ ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ቀድቷል። ጥሩምባው ግን የሚሄደው በአገሩ የአምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ይህ የአምስት ድምፅ አካሄድ ለካርቱም አድማጭም ባዕድ አይደለም፤ የሱዳናዊው ድምፃዊ የመሐመድ ወርዲ ዜማ በአዲስ አበባ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። አምሃ ሁሉንም ዓይነት ስልት በአንድ መደርደሪያ ያሳደረው ሥርዓት ስላጣ ሳይሆን የከተማዋ ጆሮ ራሱ እንዲያ ስለነበረ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሰዓት እላፊው የምሽት ክለቦችን አፈዘዘ፤ ካሴትም የሸክላን ቦታ ወሰደ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ አልበም ማሳተም ሲጀምር፣ ለዓለም ካሰማቸው ሥራዎች ብዙዎቹ ከአምሃ ሸክላዎች የተገኙ ነበሩ። አምሃ በ2021 አረፈ። የሙዚቃ ታሪካችን ሲጻፍ ከዘፋኙና ከአቀናባሪው ጎን አሳታሚው ሊሰፍር ይገባል፤ ቀሪዎቹን ሸክላዎች ሰብስቦ መጠበቅም የውጭ አፍቃሪዎች ውለታ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባም፤ የእኛው የቤት ሥራ ነው።