የወርቅ ግብርና የሽያጭ ታክስ በአሶሳ ምድር

ስለ ግብር በሚነገርበት ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ነገር ግን የቤኒ ሻንጉልን ታሪክ የመረመረ ሰው፣ ከመጠኑ ይልቅ «መቼ፣ በምን፣ በማንስ እጅ ይከፈላል?» የሚለው ጥያቄ የከበደ መሆኑን ይረዳል።

ይህ ምድር ከጥንት ጀምሮ በወርቁ የታወቀ ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዐሊ በ1831 ዓ.ም. በስተርጅና ዘመኑ እስከ ፋዞግሊ ድረስ የመጣው ይህንኑ ወርቅ ፍለጋ ነበር። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ መኰንን ዘምተው አገሩን ለማዕከላዊው መንግሥት አስገበሩ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የወሰን ውልም ቤኒ ሻንጉልን በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ አጸና።

ከዚያም በኋላ እነ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በአገራቸው ላይ ሲሾሙ፣ በየዓመቱ በወቄት የተቈረጠ ወርቅ እንዲያገቡ ግዴታ ነበረባቸው። ይህ ሥርዓት ለመንግሥት ግምጃ ቤት እጅግ የተመቸ ነበር። ወርቅ አጣቢውን ሁሉ መቍጠር ሳያስፈልግ፣ ከጥቂት ሹማምንት የታወቀ ገቢ ይገኛልና።

ሆኖም ወርቅ እንደ ግብሩ በልክ አይገኝም። አፈሩን ቈፍሮ በእንጨት ገበታ የሚያጥበው ሕዝብ የዝናቡና የወንዙ ጥገኛ ነው፤ ውሃው ቢያንስም ቢበዛም ሥራው ይጓደላል። ግብሩ ግን ወንዙ ቢሰጥም ባይሰጥም ጊዜውን ጠብቆ ይጠየቃል። ስለዚህም ሼሁ ጫናውን ወደ ገባሩ ያወርድ ነበር፤ ጕድለቱም በሰው፣ ማለት በባርያ እስከ መሙላት ይደርስ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ እስከ ተከለከለበት ጊዜ ድረስ፣ የዚህ ዐይነቱ ገቢ የገዛ ምንጩን የሚያደርቅ ሆኖ ኖረ።

የዛሬው የሽያጭ ታክስ በባሕርዩ ከዚህ የተለየ ነው። የተሸጠውን ዋጋ ተከትሎ በመቶኛ ይታሰባል እንጂ አስቀድሞ አይቈረጥም። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞውን የሽያጭ ታክስ የተካው የተጨማሪ እሴት ታክስ ልኩ በመቶ 15 ሆነ። ያ ዐዋጅ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበውን ወርቅ ዜሮ ልክ እንዲታሰብበት ማድረጉ፣ የአሶሳን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ለውጥ ነው፤ ቀድሞ መንግሥት በግብር የሚወስደውን ወርቅ አሁን በዋጋ ይገዛልና።

ነገር ግን የጊዜው ጥያቄ ፈጽሞ አልጠፋም። በዚያው ሕግ የተመዘገበ ነጋዴ የወሩን ታክስ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ አሳውቆ መክፈል ነበረበት፤ የታክሱም ግዴታ በደረሰኙ መቈረጥ ይጀምር ነበር። እንግዲህ ነጋዴው ዕቃውን በዱቤ ሸጦ እንደ ሆነ፣ ከገዢው ገና ያልተቀበለውን ገንዘብ ከመነገጃው ላይ አንሥቶ ለመንግሥት ያበድራል ማለት ነው። ዕቃውን ከሩቅ አገር በብዙ የማጓጓዣ ወጪ የሚያስመጣ የጠረፍ ከተማ ነጋዴ ይህን ለመሸከም ዐቅሙ አነስተኛ ነው። ሱቁን ሲዘጋም ሆነ ያለ ደረሰኝ ወደ መሸጥ ሲያዘነብል፣ የሚጐዳው ራሱ መንግሥት ነው።

የሼሆቹን ዘመን ግብርና የዛሬውን ታክስ በጭካኔ ማመሳሰል አይገባም። ሆኖም ሁለቱ አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ ይኸውም ገንዘቡ ከከፋዩ እጅ ሳይደርስ የሚጠየቅ ግብር ለዓመቱ ገቢ ቢያስገኝም የነገውን እንደሚያጐድል ነው። ዐዋቂ ገበሬ አዝመራው ሳይደርስ ማጭዱን አያነሣም።