አሮጌው ላንድ ክሩዘር፣ የደብረ ብርሃን ብርድና የጣርማበር ቁልቁለት

ሌላው ዓለም አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ነድቶ ለቁርጥራጭ ብረት የሚያስረክበውን መኪና እኛ ለልጅ እናወርሳለን ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፡፡ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህማ፣ በእጃችን ያለውን ይዞ መቆየት ምርጫ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል፡፡ ስለዚህ ባለ ሃያና ባለ ሠላሳ ዓመቱ ላንድ ክሩዘር፣ ፓትሮልና ፓጄሮ ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ነው፡፡ ጥያቄው እንዴት ይያዝ የሚለው ነው፡፡

መጻሕፍቱና ከመኪናው ጋር የመጣው ማኑዋል የተጻፉት ግን በአብዛኛው ለቆላና ለባሕር ጠረፍ አገር ነው፡፡ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም ወደ አንኮበር ወይም በጣርማበር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሰው የተጻፈ የለም፡፡ ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት በጥቂቱ ለመሙላት የታሰበ ነው፡፡ እንደ ምሳሌ የምንወስደው በአገራችን በብዛት የሚታየውን፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ የገጠመውን 4,164 ሲሲ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለውን የናፍጣ ሞተር ነው፡፡ መካኒኮች «ዋን ኤች ዜድ» ይሉታል፡፡ ነገሩ ግን ለሌሎቹም ይሠራል፡፡

ከአየሩ እንጀምር፡፡ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሰባ በመቶውን ጥቂት ቢያልፍ ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው የሚያገኘውን ብቻ ስለሆነ፣ ሲሠራ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሞተር እዚህ ወደ 100 ይጠጋል፡፡ መኪናው «አልጎትት አለ» ብሎ ጋራዥ የሚሮጥ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ አለበለዚያ ምንም ያልሆነ የናፍጣ ፓምፕ ይፈታበታል፡፡ ፓምፑ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ከአየሩ በላይ ናፍጣ ይረጭና መኪናው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፡፡ በአንዳንድ ፓምፖች ላይ ለከፍታ ራሱን የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ ከሌለ የናፍጣውን መጠን ጥቂት ማስቀነስ ጭሱንም ወጪውንም ይቀንሳል፡፡ ከዚያ በፊት ግን የአየር ፊልትሮውን ያውጡና ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱት፡፡ በበጋ የአንኮበርን አቧራ የቀመሰ ፊልትሮ ዕድሜ ማኑዋሉ ከሚለው ግማሹ ነው፡፡

ጭስ ከተነሣ አይቀር፣ ቀለሙ ብዙ ይናገራል፡፡ ጥቁሩን አየን፡፡ ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው፡፡ ነጭ ሆኖ ጠዋት ብቻ የሚታይና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነውና ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ማየት ነው፡፡ ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋና የራዲያተር ውኃ ያለ ፍሳሽ እየጎደለ ከሄደ ግን ነገሩ የቴስታታ ጋርኒሲዮን፣ ከባሰም የቴስታታው መሰንጠቅ ነው፡፡ ያኔ መኪናውን አቁሞ መጎተት እንጂ «እስከ ሸኖ ላድርሰው» ማለት አያዋጣም፡፡

ብርዱ ሌላው ፈተና ነው፡፡ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ ትጥላለች፡፡ የናፍጣ ሞተር የሚነሣው በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ አየሩ ሲሳሳም ሲቀዘቅዝም ይህ ሙቀት ያንሳል፡፡ ስድስቱ ማሞቂያ ካንዴላዎች አዲስ አበባ ላይ ሦስቱ ቢሞቱም መኪናው ይነሣ ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ሰብስቦ መግፋት ይመጣል፡፡ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በመለኪያ ማስፈተሽ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፡፡ ባትሪም በብርድ ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ክረምት ላይ «ደህና» የነበረው ኅዳር ላይ ሊከዳ ይችላል፡፡ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፡- ሁለት ባትሪ ካላቸው ላንድ ክሩዘሮች አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው፡፡ ይህን ሳያረጋግጡ ከሌላ መኪና በገመድ ለማስነሣት መሞከር የኤሌክትሪክ ዕቃ ያቃጥላል፡፡

በራዲያተር ጉዳይ የአገራችን ጋራዥ ሁለት ክፉ ልማዶች አሉት፡፡ አንደኛው ተራ ውኃ መሙላት ነው፡፡ ውኃው በውርጭ ይረጋል፣ የሞተሩን ሆድም ያዝጋል፤ ኩላንት የሚገባው ለብርድ ብቻ ሳይሆን ለዝገትም ነው፡፡ ሁለተኛውና የባሰው ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል ነው፡፡ «እንዳይሞቅ ነው» ይላሉ፡፡ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ በቅጡ ሳይሞቅ ውሎ ያድራል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ያጨሳል፣ ቶሎ ያልቃል፡፡ መኪናው የሚሞቀው በሌላ ምክንያት ነውና ምክንያቱ ይፈለግ፡፡

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የራዲያተሩ ክዳን ሆኖ ይገኛል፡፡ ውኃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ወይም 91 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፡፡ ደህና ክዳን ግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከሃያ ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፡፡ ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ግን ምንም አይዝም፡፡ የሞተሩ መደበኛ ሙቀት ሰማንያዎቹ ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ከፍታ ክዳኑ የሞተበት መኪና ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው፡፡ አዲስ ክዳን የሚያወጣው ገንዘብ ከቴስታታ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም፡፡ ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ቬንቲሌተሩ ነው፡፡ ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ በእጅ ሲገፉት እንደ ነፋስ ወፍጮ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ በውስጡ ያለው ዘይት አልቋል፡፡ በኤር ኮንዲሽነሩና በራዲያተሩ መካከል የሚጠቀጠቀው ጭቃና ገለባም መታጠብ አለበት፡፡

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ሲወጡ የሙቀቱ መርፌ መነሣት ከጀመረ ኤር ኮንዲሽነሩን ማጥፋት፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ማርሽ መቀነስ፡፡ ካልወረደ ዳር ይዞ ማቆም፤ ሞተሩን ግን ወዲያው አለማጥፋት፣ ቀስ ብሎ እየሠራ እንዲበርድ መተው፡፡ ክዳኑን በሙቀቱ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል፡፡

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ቁልቁለቱ፡፡ ጣርማበር፣ በወረራው ዘመን ጣልያን ያስፈለፈለው ዋሻ ያለበት በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፡፡ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፡፡ 25 ኩንታል የሚመዝን የተጫነ ላንድ ክሩዘር ይህን 1,700 ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢይዙት፣ የሚፈጠረው ሙቀት 130 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል፡፡ ይህ ሁሉ ሙቀት ጥቂት ኪሎ በሚመዝኑ ዲስኮችና ታምቡሮች ውስጥ ማለፍ አለበት፡፡ ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረደው በሞተር ነው፡፡ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ይውረዱ የሚለው የነባር ሾፌሮች ምክር እስከ ዛሬ የተሻለ አልተገኘለትም፡፡ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ እንደሚወርደው ባለ ቁልቁለት መንገድ ላይ ደግሞ ዝቅተኛውን የፎር ዊል ማርሽ ማስገባት ነውር የለበትም፤ የተሠራው ለዚያ ነው፡፡

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን «ፎሌ» ላይ አድርገው የሚወርዱ አሉ፡፡ ይህ ሞኝነት ነው፤ ሒሳቡም ስህተት ነው፡፡ መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ፓምፑ ናፍጣውን ይዘጋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፡፡ ባዶ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይጠጣል፡፡ ያለ ማርሽ የሚወርድ ሰው እንግዲህ ፍሬኑን እያቃጠለ ነዳጅም እየጨመረ ነው፡፡ ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርደው ደግሞ መሪውንም የፍሬን ረዳቱንም አጥቶ ነው የሚወርደው፡፡

ስለ ፍሬን ረዳቱ፣ ሰርቮ ስለሚባለው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፡፡ ሰርቮው የሚገፋው በአየር ግፊት ነው፤ በአንድ ወገኑ አየሩ ተመጥጦ በሌላው ወገን የውጭው አየር ይጫነዋል፡፡ የውጭው አየር በሳሳበት በጣርማበር ከፍታ ከረዳቱ ጉልበት ሠላሳ በመቶ ያህሉ ጎድሏል፡፡ በናፍጣ ሞተር ላይ አየሩን የሚመጥጠው ከዲናሞው ጋር የተያያዘ ትንሽ ፓምፕ ስለሆነ፣ እሱ ካረጀ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ጉድለቱ ይደራረባል፤ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ደረቀ የተባለው ፔዳል ቁልቁለቱ አናት ላይ ድንጋይ ይሆናል፡፡ መፈተሻው ቀላል ነው፡፡ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፣ ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ሞተሩን ያስነሡ፡፡ ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል፡፡ ካልተንቀሳቀሰ ጉዞው ይቅር፡፡

የፍሬን ዘይትም እንዲሁ የተረሳ ነው፡፡ ይህ ዘይት እርጥበት ከአየር ይጠጣል፡፡ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የሚጠበቅበት ወደ 140 ይወርዳል፡፡ ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው፡፡ ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም፡፡ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ያስፈልጋል፤ መጨመር መቀየር አይደለም፡፡ ፔዳሉ ከለሰለሰ ደጋግሞ መርገጥ፣ ማርሽ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ፣ ካልሆነ በተራራው ወገን ማስጠጋት ነው፡፡ የተቃጠለ ሽታ የሸተተው ሰው አቁሞ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፡፡ በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት ብረቱን ያጣምማል ወይም ይሰነጥቃል፡፡

የሕግ ነገር ላንሣ፤ ሙያዬም ስለሆነ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፡፡ ጥፋት መኖሩ መረጋገጥ አያስፈልገውም፡፡ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው የተለመደ ቃል ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ችሎት መከላከያ አይደለም፤ በወንጀል ደግሞ የአንቀጽ 543ን በቸልተኝነት ሰው የመግደል ክስ ያጠናክር እንደሆነ እንጂ አያስቀርም፣ በተለይ ባለቤቱ ጉድለቱን እያወቀ ከነዳ፡፡ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድንም የተወሰነ መጠን ድረስ ነው የሚሸፍነው፤ ትርፉ ከባለቤቱ ኪስ ነው፡፡ ቦሎ መለጠፉ ምርመራው በተደረገበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ይናገራል እንጂ ለዓመቱ ዋስትና አይሰጥም፡፡

ገዢ ለሆነ ሰው፡- ስለተደበቀ ጉድለት ሻጭ የሚኖርበት ዋስትና ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ተደንግጓል፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል፡፡ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሄደው ራስዎ ያስነሡት (ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎ ይጠርጥሩ)፤ የፊት ጎማዎቹን መታጠፊያ ክብ ብረት ከኋላ ይመልከቱ፡፡ ግራሶና የዲፈረንሻል ዘይት ተቀላቅሎ ከፈሰሰበት ፓራውሊው አልቋል፡፡ መሪውን አጥፈው ቀስ ብለው ሲነዱት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ የፊት አክሱ መገጣጠሚያ ተበልቷል፤ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ መሪው የሚርገፈገፍ ከሆነም ብዙ ጊዜ እዚያው ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው፡፡ ይሠራሉ፣ ግን ዋጋው ከሽያጩ ይቀነስ፡፡ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ፡፡ በዚህ ሞተር ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ማስረጃ ካልተገኘ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ማስቀየር ነው፣ ቢበጠስ ሞተሩን ይዞ ይሄዳልና፡፡

መለዋወጫ ያው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፡፡ ስፖርቴሎ፣ መብራት፣ የዲፈረንሻል ቤት፣ ሞተሪኖ ያገለገለ ቢገዛ ምንም አይደለም፡፡ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋና ፓራውሊ ግን ያገለገለ አይገዛም፤ «ኦሪጅናል» ተብሎ በካርቶን የሚመጣውንም ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል፡፡ ጋራዥ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስልዎ ከሥራው በፊት ይንገሩ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ፡፡ ክርክር ቢመጣ የሚያስረዳልዎ እሱ ነው፡፡

ወደ አንኮበር ለሚወጣ ሰው መኪናው ውስጥ መኖር ያለበት አንድ ትርፍ ጎማ (ንፋሱ የተለካ)፣ በለስላሳ መሬት እንዳይሰምጥ ጣውላ ያለው ክሪክ፣ አሥር ሊትር ውኃ፣ የራዲያተር ቱቦና ማሰሪያው፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የዲናሞ ቺንጋ፣ ባትሪ መብራትና ብርድ ልብስ ነው፡፡ የፊት ጎማ ሎካቸው በእጅ የሚዞር ከሆነ ጭቃው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሳይሆን ሳይገቡ ያዙሩት፡፡ በክልሉ ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዶች እየተዘጉ ሲከፈቱ ስለቆዩም፣ ከመነሣት በፊት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጎራ ብሎ ከዚያ መስመር የመጡ ሾፌሮችን መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡