ትዝታ በፒያኖ



ማኅበራችን እዚህ ናይሮቢ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ስናከብር፣ በአዳራሻችን ጥግ ስለቆመው አሮጌ ፒያኖ ጥቂት ልንል ወደድን። እኛ ባለሱቆች እንጂ ሙዚቀኞች አይደለንም። ነገር ግን ማታ ሱቅ ዘግተን ከልጆቻችን ጋር በእሱ ላይ ተምረናል።

ክራርና ማሲንቆ ዜማውን ይከተላሉ እንጂ እንደ ፈረንጅ ሙዚቃ ኮርድ አይደረድሩም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጡ፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነትም የነሐስ ባንድ ሆኑ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ የአገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራ አቀናበሩ።

በ1943 ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በብሪታንያና በአሜሪካ ሙዚቃ ተምረው፣ ቅኝታችንን ከጃዝ ጋር አዋሐዱ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ ሁለት አልበሞች አወጡ፤ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ተከተለ። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጡ አብረዋቸው ተጫወቱ። ከ1974 ለውጥ በኋላ ግን በሰዓት እላፊው የተነሣ የምሽት ክበቦች ጨለሙ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም እንደ እኛው ተሰደዱ።

ወደ ፒያኖአችን እንመለስ። የጃዝ ኮርድ አሠራር ሲጀመር ቀላል ነው፤ ከመነሻው ድምፅ ተነሥቶ አንድ አንድ እየዘለሉ መደረብ ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ። እዚሁ የተወለደ አንድ ልጃችን ይህን በትዝታ ላይ ሲመታው፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ይህ ትዝታ አይደለም» አሉት። ልጁም «አባባ፣ መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው» አላቸው።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሲ የለበትም። ያው ኮርድ በሜጀር ባቲ ቢሆን ግን ቤቱ ነው፤ ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ አራቱም ድምፆች በውስጡ አሉ። እኛም ለትዝታው ሲን አውጥተን ላን አስገባን፤ ሬንም ከላይ ጨመርን። አምስቱም የትዝታ ድምፆች በአንድ ኮርድ ተገናኙ። የጃዝ ሰዎች «ስድስት ዘጠኝ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ኮርዱ የነሱ፣ ድምፁ የኛ።

አባታችን «እስቲ ድገመው» አሉ። ልጁ ደገመው።

እኚያ አባት ዛሬ በመካከላችን የሉም። ልጆቻችን ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይቀናቸዋል፤ በዚህም አንከፋም፤ በሰው አገር የተማሩት እውቀት ሀብታቸው ነው። የምንፈራው ሌላ ነው። የቤታችን አምስት ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ የማያውቅ ልጅ፣ የትኛው ድምፅ እንደጎደለው በምን ያውቃል? «ይህ ትዝታ አይደለም» ብለው የሚያርሙ አባቶችና እናቶች በየዓመቱ እያነሱ ነው። ስለዚህ እነርሱ በሕይወት ሳሉ ልጆቻችንን ከፒያኖው አጠገብ እናስቀምጥ፤ እኛም አብረን እንቀመጥ።

እንኳን ለ25ኛ ዓመታችን በሰላም አደረሰን!