203 ድል፣ አንድ የተነጠቀ ኦሎምፒክ

ጁዶ ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 የመሠረተው ይህ ስፖርት የእነሱ ነውና፣ ጃፓኖች አራቱንም ወርቅ ጠቅልለው ለመውሰድ ቋምጠው ነበር። ሦስቱን አገኙ። ከሁሉም አብልጠው የሚሳሱለትን፣ የክብደት ገደብ የሌለበትን ምድብ ግን ሆላንዳዊው አንቶን ጊሲንክ አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አዳራሹ፣ በኒፖን ቡዶካን አሸንፎ ነጠቃቸው።

ያኔ ያሱሂሮ ያማሺታ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የኩማሞቶው ልጅ ከእኩዮቹ ገዝፎ፣ ጉልበቱን የሚያውልበት አጥቶ ሰፈሩን ሲያስቸግር፣ በዘጠኝ ዓመቱ ጁዶ ጀመረ። ጉልበቱ መላ አገኘ። በ1977፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የመላ ጃፓን ሻምፒዮና አሸናፊ ሆነ፤ በዚያ ዕድሜ ያንን ክብር ያገኘ ከእሱ በፊት አልነበረም። እስከ 1985 ድረስም ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ማንም አልቀማውም።

ከ1977 መገባደጃ ጀምሮ ስፖርቱን እስከተወበት 1985 ድረስ 203 ግጥሚያ አሸነፈ፣ በ7ቱ አቻ ወጣ፣ በአንዱም አልተሸነፈም። በዓለም ሻምፒዮናም በፓሪስ፣ በማስትሪክትና በሞስኮ በድምሩ አራት ወርቅ አጥልቋል። ከ120 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ያማሺታ አስፈሪ የነበረው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ቆሞ ሲታገል በግራ በኩል ገብቶ ይጥላል፤ ከአጣጣሉ ያመለጠውን ደግሞ ምንጣፉ ላይ ተጭኖ ወይም አንቆ ይጨርሰዋል።

ለዚህ ሰው የ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ ትክክለኛ ጊዜው ነበር። ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን በመውረሯ ግን አሜሪካ አገሮች በውድድሩ እንዳይካፈሉ ጥሪ አቀረበች፤ የጃፓን መንግሥትም ከአሜሪካ ጎን ቆመ። ያማሺታና ሌሎች አትሌቶች በስብሰባ ላይ እያለቀሱ ተማጸኑ። የጃፓን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ግን በግንቦት ወር 29 ለ13 በሆነ ድምፅ አንሄድም አለ። ችግር ብቻውን አይመጣምና፣ በዚያው ወር በአገር ውስጥ ውድድር ሱሚዮ ኤንዶ ሁለት እግሮቹን እንደ መቀስ አጠላልፎ ሊጥለው ሲሞክር የያማሺታ እግር ተሰበረ። ግጥሚያው በአቻ ተመዘገበ፤ ያ አጣጣል ኋላ ላይ ከውድድር ታግዷል።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ቁጭት አያጣውም። ሯጩ ምሩፅ ይፍጠር በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ስትቀር አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ ሁለት ወርቅ አገኘ። ያማሺታ ሎስ አንጀለስ ላይ ተራው ሲደርስ ደግሞ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ጎራ ጋር አድማ መትታ በውድድሩ አልነበረችም።

ሎስ አንጀለስም ቢሆን በቀላሉ አልተገኘችም። ኦገስት 11 ቀን 1984፣ በሁለተኛው ግጥሚያው፣ ከምዕራብ ጀርመኑ አርተር ሽናብል ጋር ሲታገል የቀኝ ባቱ ጡንቻ ተቀደደ። ሽናብልን በኮሌታው አንቆ አሸነፈው፤ ከምንጣፉ የወጣው ግን እያነከሰ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳዊው ሎራን ዴል ኮሎምቦ ገና ከጅምሩ እግሩን ጠልፎ ጥሎት አነስተኛ ነጥብ አገኘበት። ያማሺታ ግን ተነሥቶ በዚያው ዓይነት ጠለፋ ጣለውና ተጭኖት አሸነፈ።

በፍጻሜው የጠበቀው ግብፃዊው መሐመድ ራሽዋን ነበር። ያማሺታ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ጥቃቱን አክሽፎ ከጎኑ ተጫነውና ወርቁን ወሰደ። ራሽዋን የቆሰለውን እግር ላለማጥቃት ወስኖ እንደነበር ተናግሯል። ፊልሙን ያዩ አንዳንዶች አንድ ጊዜ ወደዚያው እግር ሰንዝሯል ብለው ይከራከራሉ። የማያከራክረው ግን ያማሺታ ወደ አሸናፊዎች መድረክ ሲወጣ ደግፎ ያገዘው ራሽዋን መሆኑ ነው። ለዚህ ጨዋነቱ ዓለም አቀፍ የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማት ተሰጥቶታል፤ የጃፓን መንግሥትም በ2019 ኒሻን ሸልሞታል።

በዚያው 2019 ያማሺታ የጃፓን ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1980 እንባውን አይቶ ያልሰማው የዚያው ተቋም። ብዙም ሳይቆይ ወረርሽኝ መጣና የ2020 የቶኪዮ ኦሎምፒክ በአንድ ዓመት ተራዘመ። የጃፓን አትሌቶች ባልፈጠሩት ምክንያት ሕልማቸው ሲገፋ፣ በኮሚቴው ወንበር ላይ የተቀመጠው ያ ነገር በራሱ የደረሰበት ሰው ነበር።