በለጋሾች ድጋፍ የተጠበቁ የታሪክ መዛግብትና የዘር ሐረግ ማስረጃ ፍለጋ

የዘር ሐረጋቸውን በጽሑፍ ማስረጃ ለማወቅ ወይም ለማረጋገጥ የሚፈልጉ ዜጎችና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በርካታ ናቸው። ይህ ጽሑፍ በለጋሾች የገንዘብ ድጋፍ በማይክሮፊልምና በዲጂታል ቅጂ የተጠበቁ ጥንታዊ መዛግብት ምን እንደያዙ፣ እንዴት እንደሚፈለጉና የማስረጃነታቸው ወሰን እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ያብራራል።

1. የጥንት መዛግብት ለምን ያስፈልጋሉ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ የሚደነግጉ አንቀጾች ቢኖሩትም፣ የመዝገቡ ድንጋጌዎች በሥራ ላይ ሳይውሉ ለረጅም ዘመን ቆይተዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለሆነም ከዚያ በፊት ለተወለዱ አብዛኞቹ ሰዎች በልደታቸው ጊዜ የተያዘ የመንግሥት መዝገብ አይገኝም።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆኑ የውጭ አገር ዜጎችን የተለያዩ መብቶች ተጠቃሚ ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረን ሰው ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረውንም ሰው ያቅፋል። እስከ ቅድመ አያት ድረስ ትውልድን መቁጠር ታዲያ ለቤተሰብ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ለመብትም የሚፈለግበት ጊዜ አለ።

2. የዘር ሐረግ መረጃ በምን ዓይነት ጽሑፍ ይገኛል?

በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት የሚገኙ የብራና መጻሕፍት ከዋናው ይዘታቸው ሌላ በኅዳጋቸውና በባዶ ገጾቻቸው ልዩ ልዩ ማስታወሻዎችን ይዘዋል። በተለይም በጎንደር ዘመንና ከዚያ ወዲህ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ኑዛዜና ክርክር በወንጌል ወይም በሌላ የከበረ መጽሐፍ ላይ ይመዘገብ ነበር። በእነዚህ ማስታወሻዎች የሻጭና የገዢ፣ የዋስና የምስክር ስም ይገኛል። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር፣ ባለመብቱ ትውልዱን እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ መቁጠር ነበረበት። እንዲሁም መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው፣ የትዳር ጓደኛውና የልጆቹ ስም በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

3. ጥበቃውን የደገፉት እነማን ናቸው?

ሀ) የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ትብብር ተጀመረ። ከአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ሰብእ ድጋፍ ተቋም የገንዘብ እርዳታ አግኝቷል። በዚህ ሥራ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ፊልም ተነሥተዋል። ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጇቸው 10 የካታሎግ ቅጾች የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ይዘት ይዘረዝራሉ።

ለ) ለጥፋት የተጋለጡ መዛግብት መርሐ ግብር። እ.ኤ.አ. በ2004 በአርኬዲያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ የተቋቋመ ሲሆን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይተዳደራል። በመርሐ ግብሩ ደንብ መሠረት ዋናው ጽሑፍ ከአገሩ አይወጣም፤ ዲጂታል ቅጂውም በአገር ውስጥ ተቋም እንዲቀመጥ ይደረጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚገኙ ብራናዎች ከተጠቃሚዎቹ መካከል ናቸው።

ሐ) የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት። ከአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት በተገኘ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በትግራይ የሚገኙ የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት መጻሕፍት በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት በቅርሶች ላይ የደረሰው ጉዳት የእነዚህን ቅጂዎች ጥቅም በጉልህ አሳይቷል። መጽሐፉ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ በኅዳጉ የነበረው የቤተሰብ ስም በቅጂው ይተርፋል፤ የተሰረቀው መጽሐፍ ሲገኝም ባለቤቱን ለመለየት ያገለግላል።

4. ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

• በቅድሚያ ከቤተሰብ አረጋውያን የአያት፣ የቅድመ አያትና የምንጅላት ስም፣ የትውልድ ቀበሌና የሚሳለሙት ደብር ስም ተጠይቆ ይጻፍ። ብራናዎቹ በሰው ስም ሳይሆን በአብዛኛው በደብርና በመጽሐፍ ስም የተደራጁ ስለሆኑ፣ ደብሩ ካልታወቀ ፍለጋው አይሳካም።
• የክርስትና ስም ይጣራ። በጸሎትና በመታሰቢያ ማስታወሻዎች ሰዎች የሚጠሩት በዓለም ስማቸው ሳይሆን እንደ ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሥላሴ ባለው የክርስትና ስማቸው ሊሆን ይችላል።
• በአገራችን ልማድ የቤተሰብ የጋራ ስም ስለሌለ፣ የአባት ስም በየትውልዱ እንደሚለወጥ በማሰብ እያንዳንዱ ትውልድ ለየብቻ ይፈለግ።
• የዘመን አቆጣጠሩ ይስተዋል። ዘመኑ በዓመተ ዓለም ከተጻፈ 5,500 ሲቀነስለት ዓመተ ምሕረትን ይሰጣል፤ ለምሳሌ 7350 ዓመተ ዓለም 1850 ዓ.ም. ነው። ዘመኑ በወንጌላዊው ስምና በንጉሡ ስም ብቻ የተጠቀሰ ከሆነ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል።
• በግዕዝ የተጻፉ ማስታወሻዎችን ለማንበብ የአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሊጠየቁ ይችላሉ።

5. ሊታወቁ የሚገባቸው ገደቦች

በብራና ኅዳግ ላይ ስም መገኘቱ ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ቦታው፣ ዘመኑና የአባት ስም አብረው መገናዘብ አለባቸው። ማስረጃውን የሚቀበለውም ሆነ የማይቀበለው ጉዳዩን የሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ፍርድ ቤት ነው።

ማስታወሻዎቹ በአብዛኛው የባለመሬቶችን መብት ለመጠበቅ የተጻፉ ስለሆኑ፣ ርስት ያልነበራቸው ሰዎች፣ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችና በባርነት የነበሩ ሰዎች በውስጣቸው እምብዛም አይታዩም። ትውልድ በቃል ሲተላለፍ በኖረባቸው ማኅበረሰቦችም ዋናው ምንጭ የአረጋውያን ትውስታ ነው።

የለጋሾች ትኩረት ደግሞ በአመዛኙ በጥንታውያን ጽሑፎች ላይ ነው። የወላጆቻችንና የአያቶቻችን ስም የሰፈረባቸው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የደብር የክርስትና መዝገቦችና የማዘጋጃ ቤት ፋይሎች የዚህን ያህል ድጋፍ አላገኙም። በዚህ ምክንያት ቤተሰቦች የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የርስት ግብር ደረሰኝ፣ ኑዛዜና ከጀርባቸው ስምና ዘመን የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች ካሏቸው፣ ከእርጥበትና ከብርሃን ጠብቀው እንዲያኖሩና ቅጂ አንሥተው በሌላ ቦታም እንዲያስቀምጡ ይመከራል።

በመጨረሻም፣ የብራና መጻሕፍት የአገር ቅርስ ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የዘር ሐረጉን የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ጽሑፉን ማንበብና ቅጂውን ማግኘት ሲሆን፣ መጽሐፉ ግን በደብሩ ሊኖር ይገባዋል፤ ከተመሳሳይ ደብር የሚወለዱ ሌሎች ቤተሰቦችም ነገ የሚፈልጉት በዚያው ነውና።