የሃዳ ዝንጀሮና የሰሜን ጭላዳ

አገር ቤት ክረምት ሲገባ፣ እዚህ ጅዳ ደግሞ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ብዙ አሠሪዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጣኢፍ ይወጣሉ። እኛም ልጆቹን ይዘን አብረን እንወጣለን። ከመካ አልፎ የአል ሃዳ ጠመዝማዛ ዳገት ሲጀምር ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተኮልኩለው መኪና ይጠብቃሉ። ያኔ ከእኛ አንዷ «ውይ፣ የአገሬ ጭላዳ!» ማለቷ አይቀርም። «የአገሬ» ማለቷ ልክ ነው፤ ጭላዳ ግን አይደለም።

ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር አይገኝም። ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳ፣ ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ ያየሽው እሱ ነው። ምግቡ በብዛት ሣር ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቱ እየነጨ ሲጎርስ ይውላል። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ጎንደር ድረስ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1835 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ስሙን ከእኛው ወስዶ «ጌላዳ» አለው።

የሃዳው ሳይንስ ሃማድሪያስ የሚለው ነው። የቆላና የደረቅ ተራራ ዝንጀሮ ነው፤ በእኛ በኩል አዋሽና ድሬዳዋ አካባቢ፣ ኤርትራም አለ። ወንዱ ከትከሻው የሚወርድ ግራጫ ጎፈር አለው፤ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ይላል። ፍሬ፣ ሥር፣ የግራር ዘር፣ ብቻ ያገኘውን ይበላል።

የጥንት ግብፆች ይህን ዝንጀሮ ቶት ከሚሉት የጽሕፈትና የጥበብ አምላክ ጋር አያይዘው ያከብሩት፣ በድኑንም አድርቀው ያኖሩት ነበር። ከሩቅ ነበር የሚያስመጡት። ንግሥት ሃትሼፕሱት ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ዝንጀሮ ጭነው ሲመለሱ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። እና የዓረቡንም ምድር ዝንጀሮ ሰው በመርከብ ያመጣው ይመስላቸው የነበሩ አሉ። የዘር ምርመራ ግን ሌላ አሳየ፤ ሰው መርከብ ሳይሠራ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ በቀይ ባሕር ደቡብ በኩል በራሳቸው ተሻግረዋል። በባብ ኤል መንደብ በጀልባ የመጣሽ እህቴ፣ እነሱ ያለ ደላላ ነው የተሻገሩት!

ትልቁ ልዩነት ግን በሴቶቹ ኑሮ ላይ ነው። የጭላዳ ሴቶች እናት፣ ልጅ፣ እህት ሆነው ዕድሜያቸውን አብረው ይኖራሉ፤ የሚለዋወጠው ወንዱ ነው። ሃማድሪያስ ዘንድ ወንዱ ሴቶቹን እየነዳ ይሄዳል፤ ወደኋላ የቀረችውን ማጅራቷን ይነክሳታል።

ስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ መስመር ኤረር ጎታ ተቀምጦ ይህን አጠና። በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። እንዲህ ያለ መነዳት የማያውቁ የሌላ ዝንጀሮ ዓይነት ሴቶችን ሃማድሪያሶች መሃል ለቀቁ፤ ብዙ ሳይቆዩ ወንዱን ተከትሎ መሄድ ለመዱ። የሃማድሪያስ ሴቶችን ደግሞ ነጂ በሌለበት መንጋ ውስጥ ለቀቁ። እነሱም መከተሉን ተዉት። እኛን ከእንስሳ ላመሳስል አይደለም፤ ግን «የሴት ተፈጥሮዋ መታዘዝ ነው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ዝንጀሮዎች ትዝ ይሉኛል።

ኩመር እዚህም መጥቷል። በ1980ዎቹ ከሳዑዲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ የኢትዮጵያውንና የዓረቡን ሃማድሪያስ ጠባይ ያወዳደረ ጥናት አሳትሟል።

ዛሬ የሃዳዎቹ ቁጥር በዝቷል፤ ከመኪና የሚወረወር ዳቦና የቆሻሻ ገንዳ አለምዷቸዋል። መንግሥትም መመገብን ከልክሏል። ልጆቹ «ሙዝ እንስጣቸው» ብለው ቢያለቅሱብሽም መስኮቱን ዝጊ፤ የወንዱ ጥርስ ረጅም ነው።