የካራቫኑ ሰፈር ሰዎች ለብቻቸው ገጽ ይገባቸዋል ወይ?

ባለፈው ክረምት ከማኅበራችን ስድስት ልጆች ሆነን ስለ ጊቫት ሃማቶስ የካራቫን ሰፈር ጽሑፍ አዘጋጀን። ሐሳባችን በኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ የራሱ ገጽ እንዲኖረው ነበር። ብዙም አልቆየ፣ ተመለሰልን። ለብቻው የሚጻፍበት ምክንያት አልታየም፣ ስለ ኢትዮጵያ ዓሊያ በተጻፈው ትልቅ ገጽ ውስጥ አንድ መስመር ይበቃዋል ተባልን። እውነቱን ለመናገር ተናደድን። የአንዳንዶቻችን ወላጆች እኮ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፉት እዚያ ነው።

ጊቫት ሃማቶስ ማለት የአውሮፕላን ኮረብታ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው በ1967ቱ ጦርነት አንድ የእስራኤል አውሮፕላን እዚያ ስለ ወደቀ ነው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ መጡ። በአንዱ አውሮፕላን ብቻ ከሺህ ሰው በላይ ተጭኖ ነበር። መርከዝ ቅሊጣውም ሆቴሉም ሞላ። መንግሥት በየሜዳው ካራቫን ደረደረ፦ ነሐል ቤቃ ከቤር ሼቫ አጠገብ፣ ሐጽሮት ያሳፍ ከአኮ አጠገብ፣ ጊቫት ሃማቶስ ደግሞ በኢየሩሳሌም ዳር። ከሶቪየት ኅብረት የመጡትም አብረውን ነበሩ። አንድ አውሮፕላን ስለ ወደቀበት ኮረብታው በስም ይታወቃል፤ በአውሮፕላን መጥተው የኖሩበት ሰዎች ግን አንድ መስመር!

ንዴቱ ሲበርድ ግን ሕጉን ደጋግመን አነበብነው። ሞኝ ሕግ አይደለም። የሚጠይቀው «እናንተ ማን ናችሁ?» ብሎ ሳይሆን «ስለ እናንተ ሌላ ሰው ምን ጻፈ?» ብሎ ነው። እንዲህ ባይሆን ነጋዴው ሁሉ ራሱን እያወደሰ ገጽ ይከፍት ነበር። እኛም ብንሆን በመጀመሪያው ጽሑፋችን «ጀግኖች» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፈናል። መመለሱ አይገርምም።

ታዲያ ስለ ቤተ እስራኤል ማን ጻፈ? በ18ኛው መቶ ዓመት መንገደኛው ጄምስ ብሩስ፣ በ1862 መጽሐፉን ያሳተመው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን፣ በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ፣ ከ1904 ጀምሮ ዣክ ፋይትሎቪች። ሁሉም ከውጭ የመጡ ናቸው። የእኛዎቹ አባቶች ኦሪቱን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ የትውልዱን ቆጠራና የመንደሩን ታሪክ ግን በቃል ነበር የሚይዙት። እንደ መምህር ዮና ቦጋለ ብዕር ያነሱት ጥቂት ነበሩ። በዚያ ላይ የቆዩት መጻሕፍት የሚጠሩን «ፈላሻ» እያሉ ነው፤ ወላጆቻችን እንደ ስድብ የሚሰሙት ቃል። እንግዲህ በሕጉ ሚዛን ሃይማኖታችንን ሊያስለውጥ የመጣው ሚስዮናዊ ገለልተኛ ምስክር ሲሆን፣ ሃይማኖቱን ጠብቆ ያቆየው ቄስ ግን ባለጉዳይ ነው። እኛን የከነከነን የአንዱ ገጽ መመለስ ሳይሆን ይሄ ነው።

በመካከላችንም ክርክር ነበር። አንዷ ጓደኛችን «ትልቁን ገጽ ሺህ ሰው ያነበዋል፤ የብቻችንን ማን ይከፍተዋል?» አለች። እውነት አላት። ግን በሙሴ ዘመቻ፣ በ1984 መጨረሻ፣ በሱዳን በረሃ አልፎ የመጣውና በ1991 ከአዲስ አበባ የመጣው መንገዳቸው አንድ አይደለም። በካራቫን ሰፈር የኖረና ቶሎ ቋሚ ቤት የገባም ኑሯቸው አንድ አይደለም። አንድ መስመር ላይ ሲጨመቁ ይሄ ይጠፋል። ስለዚህ ይገባዋል ባዮች ነን፣ በማስረጃ ከቆመ።

አሁን የ1991ንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ጋዜጦች እያገላበጥን ነው። እስካሁን ያገኘነው ስለ ካራቫኖቹ ቁጥርና ስለ ሚኒስትሮች ንግግር ነው። ውስጥ የኖረው ሰው ስም አይገኝም ማለት ይቻላል። ከስግድ በፊት ጽሑፉን እንደገና እንልካለን።

ከእናንተ ቤት የካራቫኑ ቁጥር የሚታይበት ፎቶ ካለ አምጡልን፤ ቀን ከኋላው ቢጻፍበት ደግ ነው። ለመዝገበ ዕውቀቱ ፎቶ ምስክር እንደማይሆን እናውቃለን። በማኅበራችን ቁም ሣጥን ግን ቦታ አለው። አንዲት እናት ባለፈው ሳምንት አንድ ይዘውልን መጥተው ነበር። በፎቶው ላይ ጭቃው እስከ በሩ ደርሷል፣ ደጃፉ ላይ የቡና ረከቦት ተዘርግቷል። «ይሄ ምን ይጻፋል ልጆቼ፣ ኑሮ ነው እንጂ» አሉን። ወስደን ቁጥሩን መዘገብነው።